ሜታፎርን በኢስቲዓራ በኩል

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ሲሚሊንና ሜታፎርን ለዩ» ስንባል አንገታችንን የምንደፋ ጥቂት አይደለንም። ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከባኮ የመጣን ልጆች አብዛኞቻችን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረን፣ 9ኛ ስንገባ ሒሳቡም ፊዚክሱም እንግሊዝኛ ሆነብን። ያኔ የጀመርነው የቃላት ሽምደዳ ግቢም ገብተን አልለቀቀንም። ፈተናው ሲያልፍ ቃሉም አብሮ ያልፋል።

በመድረሳ በላጋ የቀራን ግን ይህን ትምህርት በሌላ ስሙ እናውቀዋለን። «ዘይድ እንደ አንበሳ ነው» ተሽቢህ ነው፤ ሲሚሊም ይኸው ነው፤ በአማርኛ ክፍል ተነጻጻሪ ዘይቤ ያልነው። ኢስቲዓራ መዋስ ማለት ነው፤ ቃሉን ከቦታው ተውሶ ለሌላ ነገር ማዋል። ሜታፎርም ከግሪክኛው ሲፈታ ማሻገር ነው። እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። «ዘይድ አንበሳ ነው» በእንግሊዝኛ ሜታፎር ይባላል። በበላጋ ግን የተመሰለውም የተመሰለበትም ስለተጠቀሱ ገና ተሽቢህ ነው፤ «ተሽቢህ በሊግ» ይሉታል። ዘይድን ትተን «ሰይፍ የያዘ አንበሳ አየሁ» ስንል ነው ኢስቲዓራ የሚሆነው። እኛም መጀመሪያ አንድ አድርገናቸው ተሳስተናል።

ኪናያም አለ። ዐረቦች ቸር ሰውን «አመዱ የበዛ» ይሉታል፤ እንግዳ ስለማይጠፋበት ምድጃው አይበርድምና። የእንግሊዝኛው ሜቶኒሚ ለዚህ ይቀርባል፣ ልክ አንድ ባይሆንም።

ኢንጂነሪንግ ለምንማረው ደግሞ ዐረብኛው ከዚህም ይቀርበናል። በሰርቬይንግ የምንለካው አዚሙዝ «አስ-ሱሙት»፣ አቅጣጫዎች፣ ከሚለው የመጣ ነው። አልጀብራ በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል-ኸዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ ወጣ፤ «ጀብር» ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን የሚሠራውም ሥራ ስም ነው። አልጎሪዝም የራሱ የሰውየው ስም ነው። እነዚህን አልሸመደድናቸውም፤ አንዴ ሰምተን ቀሩ።

እንግሊዝኛ የሩቅ ሰው ንብረት ለሚመስለን፣ ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ የመለሰው ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን እዚሁ አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደ ነው።

አሁን በጋራ አራት ዓምድ ያለው ደብተር ይዘናል፦ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ። በላጋ ያልቀራችሁም ኑ፣ ከአማርኛው ዓምድ መጀመር ይቻላል። የአፋን ኦሮሞው ዓምድ ገና ብዙ ባዶ አለበት፤ የምታውቁ እህቶችና ወንድሞች ሙሉልን።