ውሻው ለምን ታሰረ?

(ድምፅ፦ የውሻ ጩኸት፣ የሰንሰለት መንቀጭቀጭ)

ተራኪ፦

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻው የታመመበት ሰው ክሊኒክ ያፈላልጋል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ኪሱን ይዳብሳል። በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋ ዞን፣ በጎግ ወረዳ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ የጤና ሠራተኛው ነው ውሻውን ፈልጎ ደጃፍ ድረስ የሚመጣው። ለውሻ ተብሎ እንዳይመስላችሁ። ያመጣው ትል ነው።

የጊኒ ዎርም ይባላል። ሰውም ሆነ እንስሳ ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ሲጠጣ፣ የትሉን ዕጭ የተሸከሙ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት አብረው ይገባሉ። እንስቷ ትል አንድ ዓመት ገደማ በሰውነት ውስጥ ታድጋለች፤ እስከ 1 ሜትር ትረዝምና አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ቆዳ በስታ ትወጣለች። ቁስሉ ያቃጥላል፤ የሚቃጠል እግር ደግሞ ውሃ ይሻል። እግሩ ኩሬ ውስጥ ሲነከር ትሏ ዕጮቿን ትረጫለች። ክትባት የለውም፣ የሚፈውስ መድኃኒትም የለውም። በትንሽ እንጨት ላይ እየጠቀለሉ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይያዝ ነበር። ዛሬ የሚቆጠረው በጣት ነው። ኢትዮጵያም የካርተር ማዕከል በተባለ የአሜሪካ ግብረ ሰናይ ድርጅት እየታገዘች ለ30 ዓመታት ገደማ ስትታገለው ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 በአገሪቱ አንድም ሰው አልተያዘም። ውሾች፣ ድመቶችና ዝንጀሮዎች ግን ተይዘው ነበር። ከዚያ 2020 መጣ፤ 11 ሰዎች ታመሙ፣ በ15 እንስሳትም ላይ በሽታው ተገኘ።

(ድምፅ፦ የውሃ መቅጃ፣ የሴቶች ወሬ)

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በጎግና በጎረቤቷ በአቦቦ መንደሮች የሚኖሩ ውሾችና ድመቶች ሳይታመሙ አስቀድመው እንዲታሰሩ ተደርጓል። ኩሬው ዘንድ ካልደረሱ ትሉን አይጠጡም፣ አይረጩምም። ኩሬዎቹ ደግሞ የውሃ ነፍሳቱን በሚገድለው በቴሜፎስ ይታከማሉ። የታመመ ሰው ወይም እንስሳ መኖሩን ለጠቆመም የገንዘብ ሽልማት አለ።

ዘዴው ቀላል ይመስላል። ለባለቤቱ ግን ቀላል አይደለም። ልቅ ውሻ የወደቀ አጥንት፣ የዓሣ ትራፊ፣ ያገኘውን ለቃቅሞ ያድራል፤ የታሰረ ውሻ ግን የሰው እጅ ያያል። ምግቡ ከቤተሰቡ ማዕድ ይቀነሳል፤ ውሃውም ያው እናቶችና ልጆች ተሸክመው ከሚያመጡት ይቀዳለታል። አደን አብሮ አይሄድ፣ የበቆሎ ማሳ ከዝንጀሮ አይጠብቅ። ዝንጀሮውንስ ማን ያስራል? እሱም ትሉን ይዞ በጫካው ውስጥ እንደፈለገ ይዘዋወራል። ውሻው ታስሮ ዝንጀሮው ሲፈነጭ የሚያይ ገበሬ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም።

በአገራችን የመንግሥት የእንስሳት ጤና አገልግሎት ዓይኑ በከብት ላይ ነው። በጋምቤላ ደግሞ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ከብቱን ስለሚፈጅ፣ ለውሻ የሚተርፍ ጊዜም ገንዘብም ትንሽ ነው። የዚህ ዝግጅት አቋም ግልጽ ነው፤ ለሁሉም ደኅንነት ሲባል ውሻውን ያሰረ ቤተሰብ የመኖውን ወጪ ብቻውን መሸከም የለበትም። ለትል ሲባል ደጃፍ ድረስ የሚሄድ ሠራተኛም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብሮ እንዲይዝ ማድረግ ሁለተኛ ጉዞ ያስቀራል።

አድማጮቻችን፣ በጎግም ሆነ በአካባቢው ያላችሁ፦ ውሃ አጣርታችሁ ጠጡ። ዕጩ በዓሣም ሊመጣ ስለሚችል ዓሣ በደንብ አብስሉ፤ አንጀቱን ለውሻ ከመጣል ቅበሩት። በሰውም ሆነ በእንስሳ እግር ላይ እብጠት ወይም ብቅ ያለ ትል ካያችሁ ውሃ ውስጥ እንዳይነከር አድርጉና በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ።