መሰናክሉን በጋራ፦ የቤተሰብ ሩጫ በዋንዴገያ

ለዛሬ ከካምፓላ፣ ከዋንዴገያ ሰፈር፣ ስለ አንድ ቀላል ግን ጠቃሚ ጨዋታ ልናወጋችሁ ነው። ጨዋታው የቤተሰብ መሰናክል ሩጫ ነው። አባት፣ እናት፣ ልጅና አያት አንድ ላይ ሆነው ጎማ እየረገጡ፣ በገመድ ሥር እየተሳቡ፣ በጆንያ እየዘለሉ ይሄዳሉ። ወጪው ትንሽ ስለሆነ በየካምፑ ሊደረግ ይችላል።

ዋንዴገያ በ1922 ከተቋቋመው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ሥር ያለ ሰፈር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ቦዳ ቦዳው ቀን ከሌት ይተራመስበታል። እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልለው የሚሸጡት ሮሌክስም የሰፈሩ መታወቂያ ነው። ለልጅ መጫወቻ ግን ቦታ የለም። የብዙዎቻችን ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በሩ ሲከፈት መንገድ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ በር ይዘጋባቸዋል።

ሌላም ችግር አለ። ልጆቻችን ሉጋንዳና እንግሊዝኛ ቶሎ ይለምዳሉ። ወደ ቢሮም ወደ ሐኪም ቤትም ስንሄድ የሚያስተረጉሙልን እነሱ ናቸው። ታዲያ አባት በልጁ አፍ እየተናገረ ሲኖር፣ ቀስ በቀስ ዝም ይላል። ልጁም ደሞ አባቱን እንደ ሸክም ማየት ይጀምራል። ጨዋታውን ያሰብነው ለዚህ ነው፤ ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ትልቁም ትንሹም እኩል የሚሆንበት ነገር ፈለግን።

የመሰናክል አገር

ያለንበት አገር የመሰናክል ሩጫ አገር ነው ብንል አልተሳሳትንም። ኡጋንዳ በኦሊምፒክ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችው በዚሁ ነው። በ1972 በሙኒክ ጆን አኪ ቡዋ የተባለ ፖሊስ 400 ሜትር መሰናክልን በ47.82 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከ48 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቀጥሎ የደረሰበትን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1979 የኢዲ አሚን መንግሥት ሲወድቅ ይህ ጀግና ወደ ኬንያ ሸሽቶ የስደተኞች ካምፕ ገባ። እንደ እኛው ስደተኛ ሆነ ማለት ነው! በኋላ ጀርመን ኖሮ፣ አገሩ ተመልሶ፣ በ1997 አረፈ። ስደተኛ የሚለው ስም ስድብ ለሚመስላቸው ልጆቻችን ይህን ታሪክ እንንገራቸው።

ሴቶቹም አሉ። በ2005 በሄልሲንኪ የሴቶች 3 ሺህ ሜትር መሰናክል በዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ያሸነፈችው ኡጋንዳዊቷ ዶርከስ ኢንዚኩሩ ናት። በ2021 ደግሞ ፔሩት ቼሙታይ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በዚሁ ርቀት ወርቅ ወሰደች።

የእኛም ልጆች አላነሱም። እሸቱ ቱራ በ1980 በሞስኮ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ አግኝቷል። ለሜቻ ግርማ በ2023 በፓሪስ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ በመግባት የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። በዚያችው ፓሪስ በ2024 ኦሊምፒክ በመጨረሻው ዙር መሰናክል ጠልፎት ወድቆ በቃሬዛ ሲወጣ ሁላችንም ደንግጠናል። በኋላ ግን አገግሞ ወደ ውድድር ተመልሷል።

በ3 ሺህ ሜትር ሯጩ 28 ጊዜ አግዳሚ፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበትን ይሻገራል። አግዳሚው ቢመቱት አይወድቅም፤ ነገር ግን እግርን አሳርፎበት ማለፍ ይፈቀዳል። ለልጆች ስናስረዳ ይቺን ነገር በጣም ወደዷት።

እኛ እንዴት አደረግነው?

በትምህርት ዕረፍት ወቅት የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ተፈቀደልን። ያረጁ ጎማዎች ከጎሚስታ ተዋስን፤ ጆንያው ከእህል ነጋዴ፣ ጀሪካኑ ከየቤቱ መጣ።

ከሩጫው በፊት ያከራከረን “ቤተሰብ ማነው?” የሚለው ነው። አንዳንዶች አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ይሁን አሉ። አንዲት እናት ግን “የእኔስ ባል የት እንዳለ ማን ያውቃል? ልጆቼ ቆመው ይዩ ወይ?” ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከመካከላችን ስንቱ ነው ሙሉ ቤተሰብ ያለው? በመጨረሻ “ከአንድ ድስት የሚበላ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው” ብለን ተስማማን። ብቻቸውን የሚኖሩ ወጣቶችም አራት አራት ሆነው አንድ ድስት ሆኑ።

ሁለተኛው ሕግ ሰዓቱ የሚቆመው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው የሚል ነው። ፈጥኖ የገባ ምንም አያገኝም፤ ተመልሶ መርዳት አለበት።

ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሜዳው ቀይ ጭቃ ነበር። ወጣቶቹ እንደ ጥይት ተተኮሱ፤ አንዱ ግን ጆንያው ውስጥ ተጠላልፎ ሲቀር ሦስቱ ሳያዩት መስመሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። አንዲት አያት በሁለት የልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው ጎማውን አንድ በአንድ እየረገጡ ቀደሟቸው! ወራት ሙሉ ከቤት የማይወጡ አንድ አባት በገመዱ ሥር በደረታቸው ሲሳቡ ልጃቸው “አባዬ በርታ!” እያለ በአማርኛ ጮኸ። አማርኛ መናገር ያፍር የነበረ ልጅ ነው። ሽልማቱ የልብስ ሳሙና ነበር። ያቺ የጠየቁት እናትና ልጆቻቸው ሦስተኛ ወጡ።

እናንተም ሞክሩት

• መጀመሪያ ሜዳውን ከሚስማርና ከጠርሙስ ስብርባሪ አጽዱ።
• ስድስት መሰናክል ይበቃል፦ ጎማ መርገጥ፣ በገመድ ሥር መሳብ፣ የጆንያ ዝላይ፣ ሎሚ በማንኪያ፣ ግማሽ ውሃ ያለው ጀሪካን ለሁለት መሸከም፣ እግር ለእግር ታስሮ መሄድ።
• ለመዝለያ የሚሆን ገመድ ከትንሹ ልጅ ጉልበት አይብለጥ፤ በደንብም አይታሰር፣ ሲነካ ይውደቅ።
• በየመሰናክሉ አንድ አዋቂ ይቁም። የመጠጥ ውሃ ይዘጋጅ።
• ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዓት ይያዙ፣ ዳኛም ይሁኑ። መሮጥ የማይችልም የቤተሰቡ አባል ነው።

ለማድረግ ጥሩው ቀን የዓለም የስደተኞች ቀን ነው፤ ከ2001 ጀምሮ ጁን 20፣ በእኛ ሰኔ 13 ይከበራል። በዚያ ቀን ብዙ ንግግር እንሰማለን፤ ከንግግሩ በኋላ ሜዳው ለቤተሰብ ይለቀቅ። የጎረቤት ሱዳኖችን፣ ኮንጎዎችን፣ የአካባቢውንም ሰዎች ጥሩ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የስደት ሸክምም እንደዚያው ነው። መልካም ጨዋታ፣ ቸር ሰንብቱ!