ዌቢናር የቱን ትምህርት ይችላል?

ፒያሳና አራት ኪሎ ዙሪያ የአጭር ጊዜ ሥልጠና የሚሰጡ ቤቶች ማስታወቂያቸው ላይ «በአካልም በኦንላይንም» ብለው መጻፍ ለምደዋል። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር፣ እንግሊዝኛ፣ ግራፊክስ፣ የታክስ አሠራር፤ ብዙው በሁለቱም መንገድ ይቀርባል። ተመዝጋቢው ግን ለየትኛው ትምህርት የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚነግረው አያገኝም። ክፍያው ስለሚቀንስ ብቻ ኦንላይኑን የሚመርጥ አለ። «በስልክ ደግሞ ምን ትምህርት አለ» ብሎ ጭራሽ የሚተወውም አለ። ሁለቱም ቸኩለዋል።

ከኦንላይኑ መንገድ አንዱ የሆነው ዌቢናር በቀጠሮ ሰዓት፣ በቀጥታ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ወይም ገለጻ ነው። ተናጋሪው አንድ ወይም ጥቂት ሰው ሲሆን አድማጩ አምስት መቶም አንድ ሺህም ሊሆን ይችላል። ከተለመደው የዙም ስብሰባ የሚለየው አድማጮች እርስ በርስ ስለማይተያዩና ማይካቸው አስቀድሞ ስለሚዘጋ ነው። ጥያቄ ያለው ይጽፋል፤ አወያዩ መርጦ ያነባል። ከዩቲዩብ ቪዲዮ የሚለየው ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ መልስ የሚሰጥ ሰው ስላለ ነው።

በስክሪን መማር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ አንባቢ ፕላዝማን አይረሳም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂሳቡም ፊዚክሱም በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ስክሪኑ ይወስደዋል፤ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው መግቢያና መዝጊያው ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ስክሪኑ ጥያቄ ይሰጣል፤ ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር የተማሪውን ግራ መጋባት ያያል፣ ማስቆም ግን አይችልም፤ ስክሪን ላይ ያለው ደግሞ ጭራሽ አያይም። ዌቢናር ከፕላዝማ የሚሻለው ጥያቄ ስለሚቀበል ነው። አስተማሪው ስላይዱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ «ይቅርታ፣ ሰዓታችን አልቋል» የሚልበት ዌቢናር ስሙ የተቀየረ ፕላዝማ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ፒያሳ ድረስ ሊመጣ የማይችለውን አስተማሪ ማምጣቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. መገባደጃ የህንድ መንግሥት የሙከራ ፕሮጀክት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘውን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ደግሞ ኢንዲራ ጋንዲ ከተሰኘው የህንድ የርቀት ዩኒቨርሲቲ ጋር በሳተላይት አገናኝቶ ነበር። ያኔ ልዩ መሣሪያና ልዩ ክፍል ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ያው ሥራ በኪስ ስልክ ይሠራል። ሌላ ምሳሌ እነሆ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በየጊዜው እየመጡ ለወር ያህል ያስተምሩ ነበር። በኮቪድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲቆም ስክሪን ካልሆነ በቀር አማራጭ አልነበረም። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የሂሳብ ባለሙያዎችም የአውሮፕላን ትኬት ሳይቆርጡ ለወገናቸው ማስተማር የቻሉት በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም መንገድ ማስቀረቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። ትናንት ከፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በእግሩ ወርዶ የማታ ትምህርት ይማር የነበረ ወጣት ዛሬ ከሥራ በኋላ የታክሲ ሰልፍ፣ ከትምህርት በኋላ ደግሞ የሌሊት መንገድ ይጠብቀዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው በሳምንት ሁለት ምሽት ቤቱ ሆኖ መከታተል ትምህርቱን በመቀጠልና በማቋረጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልጅ ለምትይዝ እናትም እንደዚያው።

ብዙ የማይነሳ ሦስተኛ ጥቅም አለ። በእኛ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ያስፈራል፤ «ይህን እንኳ አታውቅም?» መባል አለ፣ ይሉኝታ አለ። ዌቢናር ላይ አዘጋጁ ከፈቀደ ጥያቄ ስም ሳይጠቀስ ሊጻፍ ይችላል። በአካል አፉን የማይከፍት ሰው በጽሑፍ ሦስት ጥያቄ ያከታትላል።

ጉዳቱ ከኪስ ይጀምራል። ዙም ራሱ ባወጣው መለኪያ ድምፅ ብቻ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ይህ ቢበዛ በሰዓት 36 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ 600 ኪሎቢት ሲወስድ ግን በሰዓት 270 ሜጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ የአስተማሪውን ፊት ለማየት ከሰባት እጥፍ በላይ ዳታ ይከፈላል። አስተዋይ አዘጋጅ ስላይዱን ቀደም ብሎ በቴሌግራም ይልክና በድምፅ ብቻ ያስተምራል። ተማሪውም የሚመጣውን ቪዲዮ ከስልኩ ላይ መዝጋት ይችላል፤ ይህ አማራጭ እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ገንዘብ የማይፈታውም ችግር አለ። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደ ኦንላይን እንዲዞሩ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቷል። ትምህርቱን በሙሉ ዌቢናር ላይ ያንጠለጠለ ተቋም እንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ቀላል የሚመስል ግን ሰው የሚያስቀር ነገር ደግሞ ሰዓት ነው። ማስታወቂያው «3፡00 ፒኤም» ብሎ ሲወጣ አንዱ በ9 ሰዓት ይገባል፣ ሌላው ማታ 3 ሰዓት ላይ ባዶ ስክሪን ያገኛል። አስተማሪው ዋሽንግተን ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ስለሚቀየር ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ነው። በእነሱ ቅዳሜ ረፋድ 11 ሰዓት የሚጀምር ትምህርት አዲስ አበባ ላይ አንዳንዴ ማታ 12፣ አንዳንዴ 1 ሰዓት ይሆናል። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ስንት ሰው ያድናል!

ከማስተማር ወገን ሲታይ ደግሞ ትልቁ ጉድለት ፊት አለመኖሩ ነው። ክፍል ውስጥ ያለ መምህር ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ ያያል፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ምሳሌ ይቀይራል። ዌቢናር ላይ የሚያየው የስም ዝርዝር ነው። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ ሁሉም «አዎ» ብሎ ይጽፋል። ይልቅ በየአሥር ደቂቃው ቆም ብሎ መልሱ ቁጥር የሆነ ትንሽ ጥያቄ መስጠት ይሻላል። ለምሳሌ በታክስ ትምህርት፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ (ተእታው) ስንት መጣ? አንዱ 150፣ ሌላው 1,500 ከጻፈ ማን እንዳልገባው ታወቀ። ይህን የሚሠራ አስተማሪ በአካል ከሚያዘጋጀው በላይ መዘጋጀት አለበት፤ ጥያቄ የሚለቅምለት ረዳትም ያስፈልገዋል። «ዌቢናር ለአስተማሪ ይቀላል» የሚል ሰው አስተምሮበት አያውቅም።

ሰርተፊኬትም የራሱ ጣጣ አለው። የጤና ባለሙያዎች ፈቃድ ለማደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ይጠየቃሉ። ነጥብ የሚሰጥ ዌቢናር ስለዚህ ይሞላል፤ ስልኩ ገብቷል፣ ሰውየው ግን ወጥ እየሠራ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ አጭር ፈተና የሌለው ሰርተፊኬት ስልኩ መብራቱን እንጂ ሌላ አይመሰክርም።

ለየቱ ትምህርት ይሆናል ለሚለው የፒያሳን ወርቅ ቤቶች እናንሳ። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ መሆኑን፣ 18 ካራት ማለት ከመቶው 75 እጁ ብቻ ወርቅ መሆኑን፣ የቀለበት ዋጋ ከክብደትና ከእጅ ሥራ እንዴት እንደሚሰላ አንድ ምሽት ዌቢናር በደንብ ያስተምራል። የተሰበረ ሐብል መበየድ ግን ሌላ ነው። እሳቱን መቼ መሳብ እንዳለበት የሚያውቀው የብረቱ ቀለም ሲለወጥ አይቶ፣ አጠገቡ ባለሙያ ቆሞ «አሁን!» ያለው ልጅ ነው። አንድ ሰከንድ ከዘገየ ሐብሉ ራሱ ይቀልጣል። የኔትወርክ መዘግየት ብቻውን ከዚያች ሰከንድ ሊበልጥ ይችላል። መርፌ መውጋት፣ ፀጉር መቁረጥ፣ መኪና መጠገንም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሂሳብ፣ ሕግ፣ ቋንቋና ሶፍትዌር ወደ ዌቢናሩ ያደላሉ፤ ያም ሆኖ ፒችትሪን በስልክ ስክሪን እያዩ በዚያው ስልክ መለማመድ አይቻልም፣ ኮምፒዩተር ሊኖር ይገባል።

ከመክፈል በፊት አዘጋጁን መጠየቅ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። ትምህርቱ በቀጥታ ነው ወይስ የተቀዳ? ጥያቄ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ተመድቧል፣ የሚመልሰውስ አስተማሪው ራሱ ነው? መብራት ወይም ኔትወርክ ለጠፋበት ሰው ቅጂ ይላካል? የቅጂው መጠንስ በሞባይል ዳታ የሚወርድ ነው?