ቼክ ኢንጂን መብራት ጠፍቶ ለምን ተመልሶ ይበራል?

ከገርጂ እስከ ጎሮ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ባሉ ጋራዦች በር ላይ ፒካፕ አቁመው የሚጠብቁ ሾፌሮችን ብታዋሩ ታሪኩ ይመሳሰላል። ክሩስኮቶው ላይ ቢጫ የሞተር ምልክት በራ። ጋራዥ ተገባ፣ ኮምፒውተር ተሰካ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ተከፈለ። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ያው ምልክት ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ሴንሰር ተቀየረ፤ አሁንም በራ። ፒካፕ ደግሞ ለብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ ቆሞ የዋለበት ቀን ገቢ የለም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

መብራቱ ለምንድነው የሚመለሰው? አጭሩ መልስ፦ ማጥፋትና መጠገን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ።

የሞተሩ ኮምፒውተር ከየሴንሰሩ የሚመጣለትን ቁጥር ሲከታተል ይውላል። ቁጥሩ ከሚጠብቀው ውጪ ሲሆን አንድ ኮድ ይመዘግባል። ብዙዎቹ ጥፋቶች ላይ ግን ወዲያው መብራት አያበራም፤ ችግሩን በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ካየ በኋላ ነው የሚያበራው። እንግዲህ ኮዱ ሲደመሰስ ወይም የባትሪ ገመድ ተነቅሎ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ነው መብራቱ አንድ ሁለት ቀን የሚጠፋውና «ተሠራልኝ» ብለን የምንሸኘው። ምንም አልተሠራም። በተቃራኒው ጥፋቱ በእርግጥ ከተስተካከለ ማንም ሳይነካው፣ ከሦስት ተከታታይ ንጹሕ ጉዞዎች በኋላ መብራቱ ራሱ ይጠፋል።

ሁለተኛው ስህተት ኮዱን እንደ መለዋወጫ ዝርዝር ማንበብ ነው። ኮድ ሰፈሩን እንጂ የቤት ቁጥሩን አይናገርም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ናፍጣ ፒካፕ ላይ የሚወጣውን ፒ 0087። ትርጉሙ «ወደ ኖዝሎቹ የሚሄደው የነዳጅ ግፊት አንሷል» ነው። በዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ይህ ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል (የጎማችሁ ንፋስ ሁለት ሦስት ባር ቢሆን ነው፤ ለዚህም ነው ሞተር እየሠራ ያንን ቱቦ ማንም ሊፈታው የማይገባው፣ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል)። ኮዱን ያየ ጋራዥ «ፖምፓው ሄዷል» ወይም «ኖዝል ይቀየር» ሊላችሁ ይችላል። ሁለቱም በጣም ውድ ናቸው። ግን ግፊቱ የሚያንሰው ነዳጁ ወደ ፖምፓው በበቂ ሳይደርስ ሲቀርም ነው። የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ፣ አየር የሚያስገባ ቱቦ፣ ታንከር ውስጥ የተከማቸ ቆሻሻ፣ ሁሉም ያንኑ ኮድ ያመጣሉ። ፊልትሮ ደግሞ ከፖምፓ ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ታዲያ በምን ይለያል? ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲመዘግብ የዚያችን ቅጽበት ፎቶ አብሮ ያስቀምጣል፤ ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ይዞር ነበር፣ ሙቀቱ፣ ጭነቱ። እንበል ፒካፑ ከአዳማ ጭኖ እየተመለሰ ነው። ወደ አዲስ አበባ መንገዱ በድምሩ 600 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ሞተሩም ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ፍሪዝ ፍሬሙ ከፍተኛ ጭነት ካሳየና በከተማ ውስጥ ቀስ ሲባል ምንም ችግር ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የነዳጅ መንገዱ ነው፤ በፊልትሮ ተጀምሮ ወደ ኋላ ይፈተሻል። ኮዱ የመጣው ግን ቆሞ፣ ያለ ጭነት ከሆነ ወሬው ይቀየራል፤ ፖምፓው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ወይም የሚያፈስ ኖዝል መታየት አለበት። ኮዱ ከፎቶው በፊት ከተደመሰሰ ይህ ሁሉ ማስረጃ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሉት «እንዳታጠፋው፣ መጀመሪያ ፎቶ ላንሳው» ይሁን።

የአየር መንገዱም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ጂቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦው ይህን ለማካካስ የበለጠ ይለፋል። የቱርቦ ቱቦ ትንሽ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ቆሞ ሲፈተሽ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ይጠፋል፣ ፒ 0299 ይመጣል። አቧራውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እዚህ የተለመደው የአየር ፊልትሮን በኮምፕሬሰር ማስነፋት ነው። ደጋግሞ ሲነፋ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ አቧራው አልፎ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ላይ ይቀመጣል፣ ፒ 0101 ይወጣል። ሴንሰሩ ራሱን በቻለ ስፕሬይ ሊጸዳ ይችላል፤ በጨርቅና በጣት ግን አይነካም።

አንዳንድ ጋራዦች ጥቀርሻ የሚይዘውን ኢጂአር የሚባለውን የጭስ መመለሻ በላሜራ ይዘጉታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ «ጭስ እየተመለሰ አይደለም» ብሎ ፒ 0401 ቢያወጣ እውነቱን ነው። ላሜራው እስካለ መብራቱን መቶ ጊዜ ብታጠፉት ይመለሳል።

ኮድ ለማንበብ የግድ ጋራዥ መግባት የለባችሁም። ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ። ኢኤልኤም 327 የሚባለውን ትንሽ የብሉቱዝ ዕቃ እዚያ ሰክታችሁ በስልካችሁ አፕ ኮዱንም ፍሪዝ ፍሬሙንም ማየት ትችላላችሁ። ርካሽ ቅጂዎቹ ሁሉም መኪና ላይ አይሠሩም፤ የቆዩ ፒካፖች ጨርሶ ላያናግሯቸው ይችላሉ።

መብራቱ ሳይርገበገብ በርቶ ጉልበትና ድምፅ ካልተቀየረ ቀስ ብሎ ጋራዥ ድረስ መንዳት ይቻላል። ቤንዚን መኪና ላይ ከተርገበገበ ግን ቁሙ፤ ሞተሩ እየሳተ ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታው መንገድ ላይ ያለውን ካታላይዘር ያቃጥለዋል። ቀይ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ሌላ ነገር ነው፤ ወዲያው ሞተር አጥፉ።

ያገለገለ ፒካፕ ልትገዙ ከሆነ ደላላው እያወራ እናንተ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙሩና ክሩስኮቶውን እዩ። ሞተር ሳይነሳ ቼክ ኢንጂን መብራት አለበት፣ ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል። ቀጥሎ ስካነሩን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ የራሱን ፈተናዎች ጨርሶ እንደሆነ ተመልከቱ። አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተደምስሷል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር። ሻጩን ለምን ብላችሁ ጠይቁት፤ ክፍያውንም መኪናው ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና እስኪታይ አቆዩት።