እጃችን ላይ ያለው የእንግሊዝኛ መምህር፦ ስልክን ለቋንቋ ትምህርት እንዴት እንጠቀምበት?

ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ደግሞ ሒሳቡንም፣ ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም የሚሰጠው በእሱ ነው። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ ግን የሁለት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ዜና ሲከፈትለት “ፈጠነብኝ፣ ምንም አልገባኝም” የሚል ተማሪ በየቤቱ አለ። ሰዋስው ቢጠየቅ ይመልሳል፣ ባዶ ቦታ ሙላ ቢባል ይሞላል። ሰው ሲናገር ግን አይሰማም። ብዙ ወላጆች ይህንን ከስንፍና ይቆጥሩታል። እንደኔ እይታ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ልጁ ክፍል ውስጥ የለመደው እንግሊዝኛና ሰዎች የሚናገሩት እንግሊዝኛ በድምፅ አይመሳሰሉም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መማሪያ መጽሐፉ “ዋት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ” የሚለውን ጥያቄ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ያስተምራል። በፊልምና በቃለ መጠይቅ ላይ ግን ተናጋሪው “ዋቻ ጎና ዱ” ብሎ ያልፈዋል። ስድስቱ ቃላት ሦስት ሆነው ወጡ። ተማሪው ስድስቱንም ያውቃቸዋል፤ ጆሮው ግን አላገኛቸውም። ይህ የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እኛም “ምን አለ” የምንለውን “ምናለ”፣ “የት አለ” የምንለውን “የታለ” እያልን ነው የምንናገረው። አማርኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ የውጭ ሰው መርካቶ ቢገባ የሚገጥመው ግራ መጋባት የእኛን ተማሪዎች ከሚገጥማቸው ጋር አንድ ነው። እንዲያውም እንግሊዝኛ ይብሳል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ቃላት አጉልቶ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። “ቱ”፣ “ኦፍ”፣ “አንድ” የመሳሰሉት ትንንሽ ቃላት አንዳንዴ ጭራሽ የማይሰሙት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ደጋግሞ መስማት ብቻ ነው።

በቋንቋ ማስተማር ሙያ ውስጥ “ኦተንቲክ” የሚባሉ ማስተማሪያዎች የሚፈለጉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለትምህርት ተብለው ያልተዘጋጁ፣ ሰዎች ለኑሯቸው የሚጠቀሙባቸው ንግግሮችና ጽሑፎች ማለት ነው፤ ዜና፣ የአየር ማረፊያ ማስታወቂያ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋ ወረቀት፣ የስፖርት ዘገባ። ቀድሞ እነዚህን ለማግኘት ሬዲዮ ጠብቆ መክፈት ወይም የቆየ ጋዜጣ ማሰስ ነበረበት። ዛሬ አብዛኛው ስልክ ውስጥ አለ።

“በቴሌቪዥን ማስተማር ተሞክሮ አልነበረም ወይ?” የሚል ይኖራል። በእርግጥ ተሞክሯል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። በጊዜው የነበሩ ተማሪዎች ሁሉ የሚያስታውሱት አንድ ቅሬታ አለ፦ ፍጥነቱ። ስርጭቱ በሰዓቱ ይመጣል፣ በሰዓቱ ያልፋል፤ መምህሩ አቁሞ ሊያስረዳ፣ ወደኋላ መልሶ ሊያሰማ አይችልም። ስልክ ከዚያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማቆም ይቻላል፣ አሥር ሰከንድ ወደኋላ መመለስ ይቻላል፣ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግም ይቻላል። መሣሪያው አንድ ዓይነት ቢመስልም የመቆጣጠሪያው ቁልፍ በመምህሩና በተማሪው እጅ ገባ።

ይህ ሲባል ግን ጀማሪን በቀጥታ ወደ ፈጣን ዜና መወርወር አይደለም። ኒውዚላንዳዊው የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ ያለ ረዳት አንድን ጽሑፍ በደንብ እንዲረዳ ከመቶ ቃላት ወደ 98ቱን ማወቅ እንዳለበት ጠቁመዋል። የሁለት ደቂቃ ዜና ወደ 300 ቃላት ቢይዝ አዲስ የሚሆኑት ስድስት ገደማ ቢሆኑ ጥሩ ነው ማለት ነው። ሃያና ሠላሳ ከሆኑ ያለ እገዛ አይዘለቅም። ስለዚህ መሰላል ያስፈልጋል። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1959 “ስፔሻል ኢንግሊሽ” የተባለውን ዝግጅት የጀመረው ለዚሁ ነበር፤ ወደ 1,500 በሚጠጉ ቃላት፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ቀስ ባለ ንባብ ዜና ያቀርብ ነበር። የቢቢሲው “ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ” ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል፤ የስድስት ደቂቃ ጭውውት ሲሆን ሙሉ ጽሑፉም አብሮ ይገኛል። እነዚህ ለተማሪ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ ነው ወደ እውነተኛው ዜናና ቃለ መጠይቅ የሚታለፈው።

መምህራን ብዙ ጊዜ የሚሉት “ጽሑፉ ለተማሪዎቼ ይከብዳል” ነው። ከባድ ጽሑፍ ቀላል ጥያቄ ሊወጣለት ይችላል። የመድኃኒቷን ወረቀት እንውሰድ። ሙሉውን ተርጉሙ ከተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይቸገራል። “በቀን ስንት ጊዜ ይወሰዳል? የት ይቀመጣል? መውሰድ የሌለበት ማን ነው?” ቢባል ግን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ፈልጎ ያገኘዋል። ሲያገኘውም ቤቱ ሄዶ ለአያቱ የሚያነብላት ነገር ሆነ።

ለማዳመጥም እንዲሁ ነው። ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ቁራጭ ይመረጥ። አራት አምስት ቁልፍ ቃላት ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። መጀመሪያ ጽሑፍ ሳያዩ ያዳምጡ፤ ጥያቄው “ስለ ምን ነው? የት ነው የሆነው?” ብቻ ይሁን። በሁለተኛው ዙር ቁጥሮችንና ስሞችን ይያዙ። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተመርጣ፣ እያስቆሙ እየደጋገሙ የሰሙትን ይጻፉ፤ የተዋጡት ትንንሽ ቃላት የሚገኙት እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ የሚታየው በመጨረሻ ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፉን ከፍተን ካዳመጥን ዓይን ሥራውን ይሠራና ጆሮ ይተኛል። በጽሑፉ ካረጋገጡ በኋላ ከተናጋሪው ጋር እኩል ጮክ ብሎ ማንበብ ለአነጋገርም ይጠቅማል።

የዳታ ዋጋ እንቅፋት መሆኑ ይታወቃል። ድምፅ ብቻ መጠቀም ብዙ ያቀላል፤ የስድስት ደቂቃ ድምፅ በመካከለኛ ጥራት ወደ 3 ሜጋባይት ሲሆን፣ ቪዲዮው የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈጃል። መምህሩ አንዴ አውርዶ በብሉቱዝ ቢያካፍል ሌላው አይከፍልም። ስልክ የሌላቸው ልጆች እንዳሉም መዘንጋት የለበትም፤ አንድ ስልክና አንዲት ትንሽ ስፒከር ለአንድ ክፍል ይበቃሉ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። ዩቲዩብ በራሱ የሚያወጣው የግርጌ ጽሑፍ በስሞችና እንግዳ በሆነ አነጋገር ላይ ብዙ ይሳሳታል፤ ሰው ያዘጋጀውን መምረጥ ይሻላል። መምህርም ሆነ ወላጅ ቪዲዮውን ለልጅ ከመስጠቱ በፊት እስከ መጨረሻው ሊያየው ይገባል፤ ከሥር የሚደረደሩት ሌሎች ቪዲዮዎችና አስተያየቶች ሁልጊዜ ለልጅ የሚሆኑ አይደሉም። የእንግሊዝና የአሜሪካ ድምፅ ብቻ መስማትም አይበቃም። የእኛ ልጅ ነገ ናይሮቢም ሆነ ዱባይ ሥራ ቢያገኝ አብረውት የሚሠሩት ኬንያዊ፣ ህንዳዊ፣ ፊሊፒናዊ ናቸው። አልጀዚራ እንግሊዝኛ ከተለያዩ አገራት የመጡ ዘጋቢዎች ስላሉት ለዚህ ይመቻል።

“ማዳመጥ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አይመጣም፣ ጊዜ ለምን እናባክን?” የሚለው የመምህራን ጥያቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቁራጯ ድምፅ ጋር ያለው ጽሑፍ ራሱ የንባብ ክፍል ነው፤ አዳዲሶቹ ቃላት የቃላት ጥያቄ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ የሰዋስው ምሳሌ ይሆናሉ። በሳምንት ከሚኖሩት ክፍለ ጊዜዎች አንዱን፣ እሱም ባይሆን የአንዱን ግማሽ ለዚህ ማዋል ይቻላል።