ተጨማሪ መረጃ፦ ሊድ አልይዝ ያለው ሽቦ

የኤርፎናችሁ አንዱ ጆሮ ድምፅ ሲያቆራርጥ መጀመሪያ ጃኩ አጠገብ ያለውን ገመድ ጠርጥሩ፤ ደጋግሞ የሚታጠፈው እዚያ ነው። ጠጋኞች የተበጠሰውን ሽቦ በካውያና በሊድ ይበይዱታል። የተለመደው ሊድ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ሲሆን በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቅለጥ ይጀምራል። መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ስለሆነ ሽቦው አይቀልጥም።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። በገመዱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሆኑት በኢናሜል ስለተቀቡ ነው። ኢናሜል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ካልተፋቀ ወይም በሙቀት ካልተነሣ ሊዱ ድቡልቡል ጠብታ ሆኖ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። መዳቡ ሲገለጥ ግን ወዲያው ይሰራጭበታል።

የተጣለ ኤርፎን ካገኛችሁ ገመዱን ቆርጣችሁ የአንዱን ሽቦ ሬዚስታንስ በመልቲሜትር ለኩ፤ ከዚያ ሁለቱንም ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ እንደገና ለኩ። ንባቡ ምን ሆነ?