ሕፃናት ስለ ውሃቸውና ስለ ደናቸው እንዲያነቡ

የአርባ ምንጭ ከተማ ስሙን ያገኘው ከተራራው ግርጌ ከሚፈልቁት ምንጮች መሆኑ የታወቀ ነው። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ከእነዚሁ ምንጮች እንደሚቀዳ፥ ምንጮቹን የከበበውም የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደን ለማገዶ ሲቆረጥ የኖረ መሆኑን ግን ስንቱ ተማሪ አስተውሎታል?

ሕፃንን «አትቁረጥ» ቢሉት ትእዛዝ ይሰማል፤ ምክንያቱን አንብቦ ቢረዳው ግን ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ስለዚህ ከተረት መጽሐፍ ጋራ፥ እውነተኛውን ነገር የሚያስረዳ ትንሽ የንባብ መጽሐፍ በጋሞኛና በአማርኛ ሊጻፍለት ይገባል። በደጋው የዘነመው ዝናብ ወደ ምድር ሰርጎ በቆላው እንደሚፈልቅ፥ ዳገቱም ሲራቆት አፈሩ ታጥቦ አባያ ሐይቅ እንደሚገባ ያንብብ።

ደግሞም የአባቶቹን ብልሃት ይወቅ። የዶርዜ ሰው ረጅሙን ቤቱን ምስጥ ከሥሩ ቢበላበት የተበላውን ቆርጦ ቤቱን ዝቅ አድርጎ ይኖርበታል እንጂ አይጥለውም። የከብቱንም እበት ለእንሰቱ ማዳበሪያ ያደርገዋል። የእንሰት ቅጠል ቢጣል በስብሶ አፈር ይሆናል፤ የላስቲክ ከረጢት ግን ሳይበሰብስ ብዙ ዘመን ይቆያል። ተማሪው ይህን ልዩነት ካወቀ፥ ዕቃን ደጋግሞ መጠቀም የአገሩ ልማድ መሆኑን ይረዳል።

ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ተከልሏል። ክልሉን የሚያከብር ትውልድ እንዲነሣ፥ የትምህርት ሹማምንትና ፊደል የምታስቆጥሩ ካህናት ሆይ፥ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ተዘጋጅቶ በየትምህርት ቤቱ ይደርስ ዘንድ ትጉ።